ትምባሆን ያባረረ ቤት

የጎጃም ገበሬ ትምባሆን የጠላው ሐኪም መክሮት አይደለም። አያቴ ቅጠሉ የበቀለው ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይሉ ነበር፤ ካህኑም ያወግዘዋል። በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) ደግሞ ነገሩ ከውግዘት አለፈ፤ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በ1873 ያነገሡት እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ናቸውና ፍርሃቱ አባይን ሳይሻገር የቀረ አይመስለኝም። ጭካኔውን የሚያወድስ የለም። ግን ዛሬም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ቤቱ ውስጥ ሲጋራ የሚለኩስ አባወራ እምብዛም አይገኝም።

ከአራስ ቤት ግን ጭስ ጠፍቶ አያውቅም። በቡሬ ዙሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ስዞር የማየው ይህንኑ ነው። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት አይርቁም። በሩ ገርበብ ይላል፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ኩበት ይጨሳል፤ ገንፎ ይገነፋል። ከምድጃው በላይ ነቀዝ እንዳይነካው የዘር በቆሎ ተንጠልጥሏል፤ ሽፋኑ በጥላሸት ጠቁሯል። ለበቆሎው የበጀው ጭስ ከሥሩ ለተኛው ሕፃን አይበጅም። አራስ ልጅ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጤነኛ አዋቂ ዐርፎ ሲቀመጥ ከ20 አያልፍም። የሲጋራም ሆነ የማገዶ ጭስ ሕፃንን ለሳንባ ምች ያጋልጣል፤ የሲጋራው ድንገተኛ የሕፃናት ሞትንም ይጨምራል።

«እመይቴ፣ በሩን እንክፈተው?» አልኳቸው አንዲትን አያት።

«አንቺ ልጅ፣ አራሷን ብርድ ልታስመቺብኝ ነው?»

ልጃቸው ከውትድርና ሲጋራ ለምዶ ሲመለስ ግን እኚሁ ሴት ከአጥር ውጭ አባረውታል። አጭሶ ሲገባ ጋቢውን ሳይለውጥ ሕፃኑን አያስነኩትም። በኋላ መመላለሱ ሰልችቶት ተወው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ የግል ቤቱ ጉዳይ ለእንዲህ ያሉ አያቶች የቀረ ነው።

የማገዶውን ጭስ ለማባረር ሚርት ምድጃ መጣ። እንጨት ይቆጥባል፣ ሴቶቹም ይወዱታል። ሆኖም በእኛው ጎጃም፣ በሜጫ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ምድጃውን መለወጥ ብቻውን የሳንባ ኢንፌክሽንን ጎልቶ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ እኔ የምወተውተው ከመኖሪያው የተለየ ማድ ቤት እንዲሠራ ነው። እንጨቱን የሚያቆመው ባልየው ስለሆነ፣ ወሬውን የምጀምረው ከእሱ ጋር ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ሳትወልድ፣ ክረምቱም ሳይገባ።