ሾላኪ ጋዝ፦ የ«ብሎውባይ» የአማርኛ ስም

ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዞ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ የገባ አሮጌ ከባድ መኪና ጋራዥ ሲቆም፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ሥር ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። መካኒኩ «የኋላው ኦይል ሲል ነው» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ «እሱማ ባለፈው ወር ነው የተቀየረው» ይላል። ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል፤ ዘይቱን የሚያግደው ሲል እንደገና ይቀየራል፤ ከሁለት ምልልስ በኋላ ጠብታው ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ ሲደጋገም በእቃው ጥራት ወይም በባለሙያው እጅ ይሳበባል። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሳለ ዘይቱን ከውስጥ የሚገፋ ሌላ ኃይል ሊኖር ይችላል። ይህ ኃይል ከእንግሊዝኛ በተወሰደው ስሙ «ብሎውባይ» ይባላል። በአማርኛ «ሾላኪ ጋዝ» ብንለው ይገባል እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ አየሩ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ታምቆ ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። በዘመናዊ ከባድ መኪና ሞተር የቃጠሎው ግፊት ከ150 ባር ሊያልፍ ይችላል። ይህን ግፊት ከላይ ቴስታታው፣ ከጎን ሲሊንደሩ፣ ከታች ፒስተኑ ይይዙታል። ፒስተኑ ግን ወደ ላይና ወደ ታች መንሸራተት ስላለበት ዙሪያውን ስስ ክፍተት አለው፤ ያንን ክፍተት የሚዘጉት ፋሻዎቹ ናቸው። ፋሻ ደግሞ ሙሉ ቀለበት አይደለም፤ ሁለቱ ጫፎቹ አይነካኩም። ስለዚህ አዲስ ሞተር እንኳ በእያንዳንዱ ቃጠሎ ጥቂት ጋዝ ወደ ታች ያሳልፋል። ብሎውባይ ማለት ይኸው ነው፤ መኖሩ ሳይሆን መብዛቱ ነው በሽታው።

ያ ጋዝ የሚወርደው ክራንክ ሻፍቱ ወደሚዞርበትና ዘይቱ ወደሚጠራቀምበት የሞተሩ ሆድ ነው። ከዚያ የሚወጣው በመተንፈሻው ቱቦ ነው። ፋሻና ሲሊንደር ሲበሉ፣ ወይም መተንፈሻው በዝቃጭ ሲደፈን፣ የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል። ድስት ክዳኑ ተገጥሞበት ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን እያንቀጠቀጠ በዳር በዳሩ መውጫ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የታፈነው ጋዝም ያረጀውን ሲልና የደረቀውን ጋስኬት እየገፋ ዘይቱን ይዞ ይወጣል። አዲስ ሲል ብንገጥም ግፊቱ ባለበት ነውና ጊዜ ጠብቆ በዚያው ወይም በሌላ ደካማ ቦታ ብቅ ይላል።

ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ሲወጣ የቃጠሎው ግፊት ይጨምራል፤ የሚሾልከውም ጋዝ አብሮ ይጨምራል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ የሚወጣ ሞተር መንገድ ላይ ዘይት እያላበው፣ ጋራዥ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ግን ደረቅ ሆኖ ሊታይ የሚችለው ለዚህ ነው። ሹፌሩ «መንገድ ላይ ያፈሳል» ሲል ሊታመን ይገባል።

አሁን ወደ ቃሉ። የጋራዥ አማርኛ መኪናው ከመጣበት አገር ቃሉንም ይዞ ይመጣል። ቴስታታ፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ከጣሊያንኛ ገብተው የኛ ሆነዋል፤ ጋስኬትና ኦይል ሲል ከእንግሊዝኛ ተከትለዋል። «ብሎውባይ»ንም እንዳለ መቀበል ይቻላል። ሆኖም ቴስታታ በእጅ የሚነካ እቃ ስለሆነ ስሙ ባዕድ ቢሆንም ሥራው አይጠፋም። ብሎውባይ ግን የማይታይ ክስተት ነው፤ ስሙ ካላስረዳ መኪናው ላይ የሚያሳየው ነገር የለም። «ትንፋሽ» ይበቃል የሚል ይኖራል። ትንፋሽ ግን ጋዙ ሲወጣ የምናየውን እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ መተንፈስ ለጤነኛ ሞተርም የተገባ ነው።

«ሾለከ» የሚለው ግሥ ግን ሦስት ነገሮችን በአንድ ይይዛል፦ ጠባብ ቀዳዳ፣ ሳይታዩ ማለፍና ከተያዙበት ማምለጥ። በግ በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ ሲወጣ የምንለው ይህንኑ ነው። ከግሡም የሥራ ቃላት ይወጣሉ፦ ያለፈው ጋዝ «ሾላኪ»፣ ያለፈበት ክፍተት «መሹለኪያ» ይባላል። «ሾላኪ ጋዙ በዝቷል፤ መሹለኪያውን እንፈልግ» ሲባል ሹፌሩም፣ ባለመኪናውም፣ ተለማማጁም እኩል ይረዱታል።

ቃሉ ፍለጋውንም ያስተካክላል። መጀመሪያ ፈሳሹን እንለይ፤ የሞተር ዘይት በጥላሸት ይጠቁራል፣ የካምቢዮ ዘይት የራሱ ጠንካራ ሽታ አለው፣ ናፍጣ ቀጭንና ፈጥኖ የሚሸት ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥበንና አድርቀን፣ ጥቂት ነድተን፣ ከላይ ወደ ታች እንመልከት። ዘይት በክብደቱ ወደ ታች፣ በነፋሱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ከቴስታታው ክዳን የወጣው ዘይት ኋላ ሲሉ ሥር ሊንጠባጠብ ይችላል። የምንጩ ቦታ ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበው ነው።

ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ግን ግፊቱ ይታይ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጦ ማስቀመጥ የመጀመሪያ ፍንጭ ይሰጣል፤ ክዳኑ ከዘለለ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ብያኔ ግን አይሰጥበትም። የተሻለው መለካት ነው። ግልጽ ቱቦ እንደ ዩ ታጥፎ ግማሹ ውኃ ይሞላና አንዱ ጫፍ በሊቤሎው (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ቀዳዳ ይገጠማል፤ በሁለቱ ጎኖች ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱን ያሳያል። የ10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከከባቢ አየር ግፊት አንድ መቶኛ ገደማ ነው። ትክክለኛው ወሰን በየሞተሩ ስለሚለያይ ከአምራቹ መጽሐፍ ይወሰዳል።

ግፊቱ ከበዛ ርካሹ ይቅደም፤ መተንፈሻው ይጽዳ፣ ማጣሪያ ካለው ይቀየር። ካልቀነሰ ፋሻውን ብቻ አንክሰስ። የፍሬኑ አየር መጭመቂያም፣ ያረጀ ቱርቦም በዘይት መመለሻቸው በኩል አየር ወደ ሞተሩ ሆድ ሊልኩ ይችላሉ። ሁለቱ ተራ በተራ ተለይተው ሲፈተኑ ግፊቱ ከወረደ ሞተር ማስፈታት ሳያስፈልግ መሹለኪያው ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱም ነጻ ከሆኑ የሲሊንደሮቹ እመቃ ይለካ። ፋሻው ተበልቶ ከተገኘም የአየር ማጣሪያውና ቱቦው ይፈተሹ፤ በበረሃ መንገድ ሳይጣራ የገባ አቧራ አዲሱንም ፋሻ ፈጥኖ ይበላዋልና።

ሲል የሚቀይር ባለሙያ ሥራው ክቡር ነው፤ ድካሙ በከንቱ እንዳይቀር ግን ከመፍታቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ባለመኪናውም ይጠይቀው፦ «ሾላኪ ጋዙ ተለክቷል ወይ?»