ውል ከመታሰሩ በፊት

ከኃይሌ ጋርመንት አደባባይ ቆሞ ወደ ለቡ የሚመለከት ሰው፣ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ ከአጠገቡ መሆኑን ያውቃል። የሰፈሩ ስም ራሱ የልብስ ስፌትን ሥራ ያስታውሳል፤ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው የስፌት መኪናም ወደ አገራችን የሚገባው በጎረቤት ወደብ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ የንግድ ውል የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመርፌና የክር ዋጋ ጉዳይም ነው። እንግዲህ ይህን ውል ለሕዝብ ሆኖ የሚመረምረው ማን ነው? ታሪክ የሰጠውን መልስ በአጭሩ እንመልከት።

በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በክሎቡኮቭስኪ ከተወከለው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ፈረንሳይ በዚያን ዘመን ጂቡቲን የያዘች ጎረቤታችን ነበረች። ኢትዮጵያ በጂቡቲ በኩል የጦር መሣሪያ ለማስገባት ፈቃድ አገኘች፤ ነጻነቷን ለምትጠብቅ አገር ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ነገር ግን ወደ አገር በሚገባው ዕቃ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የፈረንሳይ ተገዦችም እርስ በርሳቸው ሲካሰሱ በቆንሲላቸው እንዲዳኙ ተፈቀደ። ሌሎች መንግሥታትም ያንኑ መብት ለዜጎቻቸው ይገባናል አሉ። በዚያን ጊዜ ውሉን መርምሮ ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚመዝን ምክር ቤት በአገሩ አልነበረም።

ምክር ቤት በ1924 ዓ.ም. ሲከፈትም፣ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የመዋዋልን ሥልጣን የተወው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በ30ኛው አንቀጽ፣ የአገር ወሰን የሚለውጥ፣ የመንግሥት ገንዘብ የሚያስወጣ፣ ወይም ብድር ያለበት ውል ለሁለቱ ምክር ቤቶች እንዲቀርብ አዘዘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ55ኛው አንቀጽ፣ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅንና ሹማምንትን ጠርቶ የመጠየቅን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጣና ስምምነትም በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በኪጋሊ ተፈርሞ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በዚሁ ምክር ቤት ጸደቀ።

እነሆ፣ በፊርማውና በማጽደቁ መካከል አንድ ዓመት ነበረ። ምኒልክ ያላገኙት እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ነገር ግን ጊዜ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ ቀረጡ ሲቀነስ የሚጠቀመው ማን ነው፣ ገበያው የሚዘጋበትስ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንደራሴ ያስፈልጋል። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ የጩኸቱንም ዋጋ የሚከፍለው በስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ የሚውለው ሠራተኛ ነው።