«ደቂቅ» ወይስ «ረቂቅ»? የማይታዩ ሕያዋን ስያሜ ታሪክ፣ ከእንጦጦ እስከ የካ

በአማርኛ የሳይንስ ቃላት ታሪክ ውስጥ የጥቃቅን ሕያዋንን ስያሜ ያህል ብዙ እጅ የገባበት መስክ መኖሩን እንጠራጠራለን። ስለ ከዋክብት የሚጽፍ ሰው የአቡሻክርን ቃላት ያገኛል፤ ስለ ሕግ የሚጽፍም ፍትሐ ነገሥትን ይመለከታል። ዓይን የማያያቸውን ፍጡራን ለተማሪ ሊያስረዳ የተነሣ መምህር ወይም ተርጓሚ ግን አንድ ወጥ ምንጭ የለውም። ከፊሉን ከግእዝ መጻሕፍት፣ ከፊሉን ከከብት አርቢውና ከገበሬው፣ ከፊሉንም ከእናቶች ጓዳ ይበደራል፤ የቀረውን ከፈረንጅ ቋንቋ እንዳለ ይወስዳል። ከእነዚህ ብድሮች የትኛው እንደ ጠቀመ፣ የትኛውስ እንደ ጎዳ ለመመርመር ከእንጦጦ ሰንሰለትና ከሥሩ ከተንጣለለው ከየካ የተሻለ ቦታ አላገኘንም። የቤተ መንግሥቱ ሰፈር፣ ጸበሉ፣ የቲቢ ሆስፒታሉና የብዝኀ ሕይወቱ ተቋም በዚሁ ተራራና በግርጌው ይገኛሉና።

ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ በከተሙበት በ1870ዎቹ፣ በአውሮፓ የጥቃቅን ሕያዋን ጥናት አዲስ ሳይንስ ሆኖ ይወለድ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው በመጋቢት 1874 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን በእንጦጦ የሚነገረው አማርኛ ለበሽታ አምጪው ስም አልነበረውም፤ ለበሽታው ግን ሞልቶት ነበር፤ ፈንጣጣ፣ ተስቦ፣ ንዳድ፣ ኩፍኝ፣ ቁምጥና። የከብቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን ያመጣው የከብት እልቂት «ደስታ» ይባላል። ክፉውን በደግ ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ከዚህ የመረረ ምሳሌው የሚገኝ አይመስለንም። ይህ «ደስታ» እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል፤ ስሙ ግን በመዝገበ ቃላት ይኖራል። «አባ ሰንጋ» እና «አባ ጎርባም» የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። እነዚህ ስሞች ሁሉ የሚናገሩት በሽታው ስለሚሠራው እንጂ ማን እንዳመጣው አይደለም።

ከዚያ ዘመን ቃላት ሁሉ «ክትባት» የሚደነቅ ነው። ሥሩ ከተበ፣ ጻፈ ማለት ነው፤ «ክታብ»ም ከዚሁ ይወጣል። ቆዳን በስለት ጫር አድርጎ የፈንጣጣን መግል ማስገባት በመልኩ ከመጻፍ የራቀ አልነበረምና፣ ቃሉ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ጉባኤ ራሱን አቋቋመ። ዛሬ በመርፌም በአፍ ጠብታም የሚሰጠው ሁሉ ክትባት ነው።

ትምህርት ቤት ሲስፋፋና ስለ በሽታ አምጪዎቹ መጻፍ ግድ ሲሆን ጸሐፊዎች ፊታቸውን ወደ ግእዝ አዞሩ። ከቀደሙት ቃላት አንዱ «ተሐዋስያን» ነው። በግእዝ ተሐውሰ ተንቀሳቀሰ ማለት ሲሆን፣ ተሐዋሲም በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰው ፍጡር ነው። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ በሠራው ማጉያ መስተዋት በውሃ ጠብታ ውስጥ ያያቸው ሲወራጩ ነበርና፣ ቃሉ ለእነዚያ ይስማማል። ይሁን እንጂ የአባ ሰንጋው ባክቴሪያ አይንቀሳቀስም፤ የቲቢውም እንዲሁ። እንግዲህ «ተሐዋስያን» ከምንላቸው ውስጥ በሰውም በከብትም የከፉት ሁለቱ ተሐዋስያን አይደሉም ማለት ነው።

ከዚሁ ሥር የወጣው ሁለተኛው ቃል «ሕዋስ» ነው። ነባር ፍቺው የስሜት መሣሪያ ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት ሲባል ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። የሥነ ሕይወት ጸሐፊዎች የሕያው አካል መሠረታዊ ክፍል ለሆነው ሰጡት። የፖለቲካ ድርጅቶች ደግሞ የጥቂት አባላትን ቡድን ሕዋስ ሲሉ ሦስተኛ ፍቺ ጨመሩበት። የሥነ ሕይወቱ ፍቺ አሁን ጸንቷል፤ እኛም መልሰን የምንነቅልበት ምክንያት አይታየንም። ቅሬታችን «ረቂቅ ሕዋሳት» በሚለው ላይ ነው። ይህ ስያሜ ቫይረስን ጭምር ሲያጠቃልል ይታያል፤ ቫይረስ ግን ሕዋስ የለውም። አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ምዕራፍ «ቫይረስ ከረቂቅ ሕዋሳት አንዱ ነው»፣ በሁለተኛው ደግሞ «ቫይረስ ሕዋስ አልባ ነው» የሚል ቢያነብ፣ ስሕተቱ የተማሪው አይሆንም።

ከዚህም የከፋው «ረቂቅ» የሚለው ቅጽል ነው። ረቀቀ በመነሻው ቀጠነ፣ ሳሳ ማለት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን በትርጓሜ መጻሕፍትና በአማርኛው ልማድ ረቂቅ የግዙፍ ተቃራኒ ነው፤ መላእክት ረቂቃን ናቸው፤ አጋንንትም፣ ነፍስም እንዲሁ። አካል ያለው፣ ቦታ የሚይዝ፣ የሚዳሰስ ሁሉ ግዙፍ ነው። ባክቴሪያ የቱንም ያህል ቢያንስ ግዙፍ ነው፤ ይመገባል፣ ይራባል፣ በሙቀት ይሞታል። ረቂቅ ስንለው ሳናውቀው ከመናፍስት ወገን አሰለፍነው። ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው እንጦጦን ይመልከት። ከላይ በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ ሕሙማን ፈውስ ይሻሉ፤ ከሥር በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የቲቢ ሕክምና ይሰጣል። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጸበሉንና የኤችአይቪ መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ የመከሩት፣ አንዱ ሌላውን እንደሚሽር የሚያስቡ ስለ ነበሩ ነው። በሁለቱ መካከል ለሚመላለስ ሕመምተኛ የበሽታው መንሥኤ «ረቂቅ» ነው ብሎ መጻፍ ሳይንሱን አያስረዳውም።

«ደቂቅ» ከዚህ እንከን የጸዳ ነው። ደቀቀ፣ አነሰ፣ ላመ ማለት ነው፤ «ከልሂቅ እስከ ደቂቅ» ሲባል ሁሉም ይረዳዋል፤ የሰዓት ክፍል የሆነችው «ደቂቃ»ም እኅቱ ናት። «ደቂቅ ዘአካላት» የሚለው ጥምር ስለዚህ ከተፎካካሪዎቹ የተሻለ ነው እንላለን፤ ትንሽ ቢሆኑም አካል እንዳላቸው በግልጽ ይናገራልና። (ሦስት አካል ሲባል የለመደ የነገረ መለኮት ሊቅ ፊቱን ያጨፈግግ ይሆናል፤ የሥነ ሕይወት መምህሩን ግን አያስቸግረውም።)

የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የደከመበት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራ በ1989 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ሆኖ ከታተመ በኋላም አዳዲስ ስያሜዎች በተቋማት በኩል መምጣታቸውን ቀጥለዋል። ከእነዚህ አንዱ መቀመጫውን በየካ ክፍለ ከተማ ያደረገው የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1976 የእፅዋት ዘረ መል ማዕከል ሆኖ ሲመሠረት ሥራው በሰብልና በእፅዋት ላይ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ እንስሳትና ደቂቅ ዘአካላትም ተጨመሩ፤ ስሙም ተለወጠ። «ብዝሀ» የተባለው በዝኀ ከሚለው ግስ ስለ ወጣ በትክክለኛው ፊደል «ብዝኀ» መባል ነበረበት፤ ይህን ለፊደል ወዳጆች እንተወዋለን። የሚያሳስበን ትርጉሙ ነው። በዝኀ ቁጥሩ በረከተ እንጂ ዓይነቱ ተለያየ ማለት አይደለም። በእንስሳት ዘንድ ልዩነቱ ላያስቸግር ይችላል። በአንድ ግራም የእንጦጦ አፈር ውስጥ ግን የባክቴሪያው ብዛት አንድ ነገር ነው፣ የዓይነቱ ልዩ ልዩነት ሌላ ነገር። ብዛቱ ሳይቀንስ ዓይነቱ ሊመናመን ይችላል፤ ተማሪው ይህን የሚጽፍበት ሁለት ቃል ያስፈልገዋል። «ብዝኀ ሕይወት» አሁን በአዋጅም በሕዝብም አፍ ስለ ገባ ይኑር፤ ለቁጥሩ «ብዛት»፣ ለዓይነቱ «ዝርያዊ ልዩ ልዩነት» ይባል።

«ሥነ ምኅዳር» በአንጻሩ የተሳካ ነው። ጀርመናዊው ሄክል እ.ኤ.አ. በ1866 ለዚህ ጥናት ስም ሲያወጣ ከግሪኩ የ«ቤት» ቃል ተነሥቶ ነበር። የእኛም ቃል ኀደረ፣ አደረ፣ ማኅደር ከሚለው ቤተሰብ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ደጃፍ ላይ ተገናኙ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ደርሰናል። የፍጥረትን በዘመናት መለወጥ «ዝግመተ ለውጥ» እንለዋለን። ዝግመት፣ ቀስ ማለት፣ ለዝሆንና ለፈረስ ታሪክ ይስማማል። የአንጀት ባክቴሪያ ግን በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በአንድ ሌሊት የሚያልፈው ትውልድ በሰው ቢቆጠር ከሺህ ዓመት ይበልጣል። በደቂቅ ዘአካላት ዘንድ ለውጡ አይዘገምም፤ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሳለ ይፈጸማል። ስለዚህ ተማሪው «ዝግመተ ለውጥ» የሚለውን ርእስ አንብቦ ነገሩ ሐኪም ቤትን የማይመለከት መስሎት ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ይህ ክፍተት ባዶ አልቀረም፤ ሌላ ቃል ገባበት። በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 ሕክምናው የተጀመረለትን፣ ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች የማይገድሉትን ቲቢ፣ የጤና ጽሑፎቻችን «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ይሉታል። በአማርኛ የሚለምድ ማን ነው? ፈረስ ጋላቢውን ይለምዳል፤ ሕፃን ሞግዚቱን ይለምዳል። ልማድ የአንድ ፍጡር፣ በዕድሜው ውስጥ፣ በተደጋጋሚ ንክኪ የሚመጣ ነገር ነው። የባክቴሪያው ታሪክ ይህ አይደለም። ሉሪያና ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ባክቴሪያን የሚያድነው ለውጥ ገዳዩ ከመምጣቱ በፊት በአጋጣሚ በጥቂቶቹ ላይ የሚገኝ ነው፤ ገዳዩ ሌሎቹን ሲጨርስ እነዚያ ጥቂቶች ይተርፋሉ፣ ይራባሉ። መድኃኒቱ አላስተማራቸውም፤ መረጣቸው እንጂ።

አደጋው ከዚህ ይጀምራል። «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚል አነጋገር በሕዝባችን ዘንድ የተለመደ ነው። «መድኃኒት የተላመደ» የሚለውን የሰማ ሕመምተኛ የለመደው የራሱ ሰውነት መስሎት፣ መድኃኒቱን ለጥቂት ጊዜ ቢያቆመው ልማዱ የሚለቀው ሊመስለው ይችላል፤ ሐኪሙ ከሚፈልገው ፍጹም ተቃራኒ ማለት ነው። ደግሞም መድኃኒቱን በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ይህንኑ ቲቢ ከሌላ በትንፋሽ ሊይዘው ይችላል። «መላመድ» ይህን በምን ያስረዳል? ስለዚህ «መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ» ቢባል ይሻላል ብለን እናምናለን። ቃሉ አማርኛ ነው፤ የማይበገረው ተዋሲው መሆኑን ይናገራል፤ እንዴት እንዲህ እንደ ሆነ ግን የሐሰት ታሪክ አይጨምርም። («ነቀርሳ» በ«ቲቢ» የተተካው እኮ ሕዝቡ ፈረንጅኛ ስለ ወደደ አይደለም፤ ነቀርሳ ካንሰርንም ስለሚጠራ ነው። ሕመምተኛ ሁለቱን መለየት ይሻል።)

«መረጣ» የሚለውን ለተማሪ ለማስረዳት የውጭ ምሳሌ አያስፈልግም። በየካ በየጓዳው የጤፍ ሊጥ ያድራል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙትን ጨምሮ በሊጡ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ከዱቄቱና ከውሃው የመጡ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይጀምራሉ፤ ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ ግን አሲዱን የማይችሉት ይወድቃሉ፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ይረከባሉ፤ እርሾ ፈንገሶችም አብረው ይሠራሉ። ባልትና ያላት ሴት ከላይ ያቀረረውን ውሃ በእርሾነት አስቀርታ ለሚቀጥለው ሊጥ ስታውል፣ ኮምጣጣውን ሊጥ ችለው የተረፉትን ዘር መምረጧ ነው። ሊጡ ባክቴሪያዎቹን አላላመደም፤ ለየ።

ጓዳው በግስም ሀብታም ነው። ሊጥ ይቦካል፣ ወተት ይረጋል፣ ጠጅ ይፈላል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ የቆየው ይኮመጥጣል፣ እንጀራ ይሻግታል፣ ቅጠል ይበሰብሳል። የመማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን በ«ፈርመንቴሽን» ወይም በ«መብላላት» አንድ ላይ ጠቅልለውታል። የጓዳው ሴት ግን ረጋንና ፈላን አታምታታም፤ የመጀመሪያው በብዛት የላክቲክ አሲድ ሠሪዎች፣ ሁለተኛው አልኮልና አየር የሚያወጡት የእርሾ ፈንገሶች ሥራ ነው። ኮመጠጠ ደግሞ፣ በተለይ ለጠላና ለጠጅ ሲነገር፣ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡትን ያመለክታል። «ፈላ» ብቻ ጥንቃቄ ይሻል፤ ውሃ ሲፈላ ደቂቅ ዘአካላት ያልቃሉ፣ ጠጅ ሲፈላ ግን በሕይወት መኖራቸውን ይመሰክራል። ላቲኖችም የእርሾን ስም ያወጡት መፍላት ከሚለው ግሳቸው ነው፤ አረፋው ሁለቱንም ሕዝብ አንድ ዓይነት አሳስቷል።

ስለ «አርኬያ» ጥቂት እንበል። አሜሪካዊው ካርል ዎዝና ባልደረባው ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከባክቴሪያ የለዩት ይህ ወገን ስሙ ከግሪክኛው «ጥንታዊ» የወጣ ነው። «ጥንታውያን» ብለን ብንተረጉመው የባክቴሪያ አባቶች ያስመስላቸዋል፤ አይደሉም። በውሰት መልኩ ይቆይ።

ለ«እርሾ» በነባር መዝገበ ቃላት የሚሰጠው ፍች ሊጥ የሚያቦካ፣ የሊጥ ትራፊ የሚል ዓይነት ነው። ለሚቀጥለው እትም የምናቀርበው እንደሚከተለው ነው፦ እርሾ፣ ስም፤ 1. ከቦካ ሊጥ ላይ ተቀንሶ ለሚቀጥለው ማቡኪያ የሚውል፣ ሕያው ባክቴሪያና ፈንገስ የያዘ ፈሳሽ ወይም ሊጥ። 2. በሥነ ሕይወት፣ ባለ አንድ ሕዋስ ፈንገስ። 3. በምሳሌ፣ ከአንድ ነገር ለመነሻ የተረፈ።