ፊቱን የሸፈነ ቁጥር

በኢንተርኔት የሚካሄዱ የውድድር ጨዋታዎች ተጫዋቾቻቸውን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ አልማዝ እያሉ በማዕረግ ይከፋፍላሉ። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ከማዕረጉ በስተጀርባ የተቀመጠው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የተወለደው ኮምፒዩተር ላይ ሳይሆን ቼዝ ገበታ ላይ ነው፤ አባቱም የፊዚክስ መምህር ናቸው።

ፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ እ.ኤ.አ. በ1903 በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ግዛት ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በሚልዎኪ ከተማ፣ በማርኬት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር፤ የዊስኮንሲንን የቼዝ ሻምፒዮናም ደጋግመው አሸንፈዋል። (አባቶቻችን ለቼዝ የሰጡት «ሰንጠረዥ» የሚለው ስም ዛሬ የቁጥር መደርደሪያም መጠሪያ መሆኑ ለዚህ ታሪክ የተመቸ አጋጣሚ ነው።) የቀመሩት ስሌት በ1960 በአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በ1970 ደግሞ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተቀባይነት አገኘ።

የሰው ብቃት እንደ ቁመቱ አንድ ቦታ የቆመ አይደለም፤ ዛሬ ይደምቃል፣ ነገ ይደበዝዛል። ስለዚህ የኤሎ ቁጥር ከተጫዋቹ ምን እንደሚጠበቅ ብቻ ይናገራል። ከተጋጣሚው በ200 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ግጥሚያ 76 ያህሉን ያሸንፋል ተብሎ ይጠበቃል፤ አቻ መውጣት እንደ ግማሽ ድል ይቆጠራል። አንድ ግጥሚያ ቢበዛ 32 ነጥብ በሚያንቀሳቅስበት ቀመር፣ ይህ ብርቱ ሰው ሲያሸንፍ የሚያገኘው 8 ያህል ብቻ ነው፤ ቢሸነፍ ግን 24 ያህሉን ለደካማው ያስረክባል። የሚጠበቀውን ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፤ ያልተጠበቀው ግን ዋጋ አለው።

በዚህ ስሌት የምወደው ግልጽነቱን ነው። ማንኛውም ተጫዋች ወረቀትና እርሳስ ይዞ የራሱን ዕጣ ሊያሰላ ይችላል። ኤሎ ራሳቸውም የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ስሌት ለዓመታት በራሳቸው ሠርተዋል።

ኢንተርኔት ሲመጣ ጨዋታው ከሁለት ሰው አለፈ። አምስት ሆነው ከአምስት ጋር ሲጋጠሙ ድሉ የማን ነው? የማይክሮሶፍት የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ለዚህ ያዘጋጁት «ትሩስኪል» የተሰኘ ስሌት በ2005 በኤክስቦክስ ላይቭ ሥራ ላይ ዋለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ ግምት፣ ሌላው በግምቱ ላይ ያለ ጥርጣሬ። አዲስ መጤ በ25 ግምትና በ8.33 ጥርጣሬ ይጀምራል። ለደረጃ ሰሌዳው ግን የጥርጣሬው ሦስት እጥፍ ከግምቱ ስለሚቀነስ መነሻው ዜሮ ይሆናል። ደካማ ነህ ተብሎ አይደለም፤ ማሽኑ ገና አላወቀውም። በተጫወተ ቁጥር ጥርጣሬው ይጠብባል፣ ደረጃውም ወደ እውነተኛ ቦታው ይጠጋል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከማሽን መገኘቱ ይገርመኛል።

በ2009 የወጣው «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» መጀመሪያ የኤሎን ስልት ይከተል፣ ነጥቡንም ለተጫዋቹ ያሳይ ነበር። በ2013 ግን ነጥቡ ተሸሸገ። ተጫዋቹ ማዕረጉንና በማዕረጉ ውስጥ የሰበሰበውን ነጥብ ያያል፤ ተጋጣሚውን የሚመርጥለት ግን ያ የማያየው ቁጥር ነው።

ድብቅነቱ የሚያመጣውን ጣጣ እነሆ። እኩያን ከእኩያ ጋር የሚያገናኝ ስሌት በተሳካለት መጠን ተጫዋቹ ግማሹን እያሸነፈ ግማሹን ይሸነፋል። ሚዛኑ ከተሸፈነበት ደግሞ ይህ ፍትሕ ሤራ ይመስለዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቶ በነበረበት ሲረግጥ፣ «ሆን ብለው አሸነፉብኝ» ይላል። ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ግን በምን ያረጋግጥ? የወደቀ ቁጥር ተስፋ ያስቆርጣል የሚለው ምክንያት ይገባኛል፤ ሆኖም ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን እንዳያይ ለመከልከል የሚበቃ አይመስለኝም።

የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ከ2012 ጀምሮ የተጫዋቾችን ነጥብ በየወሩ ያወጣል፤ የሻምፒዮኑም የጀማሪውም ቁጥር እዚያው ዝርዝር ላይ ይታያል።