የአብራሪዎች ፊርማ እንደ ታሪክ ምስክር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ አብራሪዎችን ፊርማ መሰብሰብ በምዕራቡ ዓለም ሰፊ ገበያ ያለው ልማድ ከሆነ ቆይቷል። እኛ እዚህ የምንመረምረው ግን ዋጋውን ሳይሆን፣ እንዲህ ያለው ፊርማ ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጠውን ምስክርነት ነው። በእኛ አስተያየት ቁም ነገሩ የፈራሚው ዝና ሳይሆን፣ ፊርማው መቼና ለማን እንደ ተሰጠ ነው።

ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት ግዛት፣ ብራስቴድ በተባለችው መንደር የሚገኘው ኋይት ሃርት የተሰኘ መጠጥ ቤት በጦርነቱ ዘመን የቢጊን ሂል ጦር ሰፈር አብራሪዎች መሰብሰቢያ ነበረ። የቤቱ ብርሃን በሌሊት ለጠላት አውሮፕላን እንዳይታይ በሚጋርደው ሰሌዳ ላይ አብራሪዎቹ ስማቸውን በጠመኔ ጻፉ። ሰሌዳው ዛሬ በሾርሃም የአውሮፕላን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። በካምብሪጅ ከተማም ኢግል በተባለው መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ፣ በሻማና በሲጋራ መለኮሻ ጢስ የተጻፉ ስሞችና የስኳድሮን ቁጥሮች እስካሁን ይነበባሉ። ለእነዚህ ጽሑፎች ገዢ አልታሰበላቸውም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 1940 በእንግሊዝ ሰማይ ከተዋጉት 3,000 ከሚጠጉ የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ አየረኞች መካከል ከ500 የሚበልጡት በዚያው ውጊያ ሞተዋልና፣ ማታ የፈረመው ሰው በማግሥቱ ላይመለስ ይችል ነበር።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው የታተመ ሥዕል ግን ሌላ ነው። ቁጥራቸው የተወሰነ ቅጂዎች ይታተማሉ፤ በሕይወት የተረፉት አብራሪዎችም ከሥዕሉ ሥር በእርሳስ ይፈርማሉ። የእንግሊዝና የጀርመን አብራሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን የፈረሙበትም አለ። ይህ ስለ እርቅና ስለ ዝና አያያዝ ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ውጊያው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ረጅም ዕድሜ የታደለው ደጋግሞ ፈርሟል፤ በሐምሌ 1942 በ21 ዓመቱ የሞተው አየርላንዳዊው ፓዲ ፊኑኬን ግን ለዚህ ገበያ ሊደርስ አልቻለም። አውሮፕላኑን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠግን ያደረውን መካኒክ ደግሞ ፊርማ የጠየቀው እምብዛም ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሰነድ የበረራ መዝገቡ ይመስለናል። አብራሪው ቀኑን፣ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የበረራውን ተግባርና ርዝመት ይመዘግባል፤ በወሩ መጨረሻም ድምሩን ራሱ ይፈርምበታል፣ አለቃውም ያረጋግጠዋል። ይህን መዝገብ በኪው ቤተ መዛግብት ከሚገኘው የስኳድሮን የዕለት መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ የሁለቱ አለመስማማት ራሱ ለተመራማሪ ትምህርት ነው። መዝገቡ ሳይገለበጥ ተሽጦ በግል ሣጥን ውስጥ ሲቆለፍ ግን፣ ሰብሳቢው ፊርማውን ሲያገኝ ታሪክ ማስረጃውን ያጣል።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። በ1977 እና 1978 በኦጋዴን ሰማይ የተዋጉት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች አሁን በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከ1991 በኋላ በስደት የኖሩም አሉባቸው። በነዚህ ወገኖች ወይም በልጆቻቸው እጅ የበረራ መዝገብ፣ በጀርባው የተፈረመበት ፎቶግራፍ ወይም ደብዳቤ ቢገኝ፣ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ገጽ በገጽ ይገልበጥ፤ ባለቤቱ በሕይወት ካለም በፎቶግራፉ ላይ የሚታዩትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በራሱ ቃል ያስመዝግብ እንላለን።