የመንግሥት ሥራ ተቋራጭና የሠራተኛው ወረቀት

አንድ የውጭ ተቋራጭ በመንግሥት ገንዘብ መንገድ ሲዘረጋ ወይም ሐዲድ ሲነጥፍ፣ ከአገሩ ይዟቸው የመጣቸው ሠራተኞች እዚህ ለመሥራት የተፈቀደላቸው መሆኑን ማን ያጣራል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን በአዋጁ፣ በውሉና በካምፑ በር ላይ የተለያየ ነው።

ከአዋጁ እንጀምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የውጭ አገር ዜጋ በኢትዮጵያ ተቀጥሮ መሥራት የሚችለው የሥራ ፈቃድ ሲኖረው ብቻ ነው። ድንጋጌው አዲስ አይደለም፤ በተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ነበር። ፈቃዱ ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት ይሰጥና በየዓመቱ ይታደሳል። ሰውየው ለሥራው አስፈላጊ አለመሆኑ ሲረጋገጥም ሊሰረዝ ይችላል። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲሆን ዛሬ ኃላፊነቱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ ባለሀብቱ የውጭ ባለሙያ የሚቀጥረው በሙያው ኢትዮጵያዊ ሲታጣ እንደሆነ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥም በኢትዮጵያዊ ሊተካው እንደሚገባ ይናገራል።

የሥራ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ግን ሕገወጥ አይደለም። የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነ የውጭ ዜጋ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን መታወቂያ ከያዘ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ዕውቅና የተሰጣቸው ስደተኞች ተቀጥረው የመሥራት መብት አግኝተዋል። እንግዲህ አጣሪ የሚባለው ሰው ቢያንስ እነዚህን ወረቀቶች ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል ማለት ነው። የካምፕ ጥበቃ ይህን እንዲያውቅ የሚጠብቅ ካለ እሰየው።

ወደ ውሉ ስንመጣ ነገሩ ይላላል። በብድርና በዕርዳታ በሚሠሩ ትላልቅ ግንባታዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው የውል ሰነድ ፊዲክ ነው። እ.ኤ.አ. የ1999ኙ እትም በአንቀጽ 6.4 ተቋራጩ የኢሚግሬሽን ሕጎችን ጨምሮ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎችን እንዲያከብር ያዛል። የልማት ባንኮች የሚጠቀሙበት እትም ደግሞ በአንቀጽ 6.12 ለውጭ ሠራተኞቹ የመኖሪያ ቪዛና የሥራ ፈቃድ መኖሩን ማረጋገጥ የተቋራጩ ግዴታ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። መልካም። ግን ተቋራጩ በአንቀጽ 6.10 በየወሩ ለአማካሪው መሐንዲስ የሚያቀርበው ዝርዝር በየሙያ ዘርፉ በሳይቱ ላይ ያለውን የሠራተኛ ቁጥር ነው። ሃያ ኦፕሬተር፣ አምስት ቀያሽ ተብሎ ይጻፋል። ከአምስቱ ቀያሾች ስንቶቹ ፈቃድ እንዳላቸው፣ የማንኛው ፈቃድ እንዳለፈበት ዝርዝሩ አይጠይቅም። ግዴታው አለ፣ የሚያሳየው ወረቀት ግን ከክፍያ ጋር አልተሳሰረም።

ይህ ለምን ይገርመኛል? ያው ተቋራጭ ጨረታ ሲገባ የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ እንዲያቀርብ ስለሚጠየቅ ነው። መንግሥት ግብሩን ያልከፈለ ድርጅት ገንዘቡን እንዲነካ አይፈልግም። ሕግ የጣሰ ቅጥርም በዚያው ሚዛን የማይታይበት ምክንያት አይገባኝም።

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚያልፈውን የባቡር መስመር እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር የተዋዋለበት ይህ ግንባታ ሥራው የተጀመረው በ2015 ነው። ከቱርክ የመጡ ባለሙያዎችና የአገሬው ሠራተኞች ጎን ለጎን ሠርተውበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ይፋት ቆላ ሲደርስ ጥያቄው የአዲስ አበባ ቢሮ ጉዳይ መሆኑ ያቆምና የወረዳው ወጣት ጉዳይ ይሆናል፤ እሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ማን እንደያዘው በዓይኑ ያያልና።

ይፋት መጤን ማጣራት ከጥንትም ታውቃለች። አሊዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት የገበያ ከተማ ነበረች። የእንግሊዙ መልዕክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ሲመጣ ወደ አንኮበር ለመውጣት የንጉሡን ፈቃድ እየጠበቀ የሰነበተው እዚያው ነው። በሩን የሚጠብቀው ወላስማ መሐመድ፣ የይፋት ገዥ፣ የንጉሡ ሹም ነበር። ማጣራቱ የመንግሥት ሥራ እንጂ የግመል ነጂው አልነበረም።

አሜሪካኖች ግን ለአሠሪው ሰጡት። ፕሬዚዳንት ቡሽ በሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ትዕዛዝ ቁጥር 13465 የፌዴራል ተቋራጮች የሠራተኞቻቸውን የመሥራት መብት ኢ-ቬሪፋይ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲያጣሩ ተወሰነ። ደንቡ ብዙ ጊዜ ተራዝሞ፣ የንግድ ምክር ቤታቸውም ከስሶ ተረትቶ፣ በመስከረም 2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ዋለ። ሲጀመር የሚመለከተው ከ100 ሺሕ ዶላር በላይ የሆኑና 120 ቀንና ከዚያ በላይ የሚፈጁ ውሎችን ነበር። ከእነሱ የምወደው አንድ ነገር አለ፦ ሥርዓቱ «አልተረጋገጠም» ያለው ሠራተኛ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ መቃወም ይችላል፣ ተቃውሞው እስኪታይም አሠሪው ሊያባርረው አይችልም። ይህ ቅንጦት አይደለም። ስሙ በሁለት መዝገብ በሁለት ዓይነት የተጻፈ ሰው በዚህ ሥርዓት ይሰናከላል፤ መሐመድና ዮሐንስ በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፉ ደግሞ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። አሊዩ አምባን ራሷን እንኳ ሃሪስ «አሊዮ»፣ ከእሱ በኋላ የመጣው ጆንስተን «አሊዩ» ብለው ነው የጻፏት።

እኛ ዘንድ ፋይዳ መጣልን ስለዚህ ማጣራቱ ቀላል ነው የሚሉ አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው ይህ መታወቂያ ማንነትን ያረጋግጣል፤ ግን የሚሰጠው ለነዋሪ ነው፣ በሕግ የሚኖር የውጭ ዜጋም ይወስደዋል። የዜግነትም የሥራ ፈቃድም ማስረጃ አይደለም።

የሚያሰጋኝ ደግሞ ይኸው ነው። «አጣሩ» የሚል ትዕዛዝ ከላይ ሲወርድ ካምፕ በር ላይ የሚጠየቀው የውጭው ቀያሽ ሳይሆን የቀን ሠራተኛው ነው፤ የዚህ ቀበሌ መታወቂያ አለህ ወይ ይባላል። ከአፋር በኩል የመጣ ወይም ከደጋ ለሥራ የወረደ ልጅ መታወቂያው የሌላ ወረዳ በመሆኑ ብቻ የዕለት ደመወዙን ያጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ በየትኛውም ቦታ ሠርቶ የመተዳደር መብት አለው ይላል። ለኢትዮጵያዊ የሚጣራ የሥራ ፈቃድ የለም።

ስለዚህ ግዴታው ይጻፍ ከተባለ ጠባብ ሆኖ ይጻፍ። ተቋራጩ ከወርሃዊ የሠራተኛ ዝርዝሩ ጋር የውጭ ሠራተኞቹን የፈቃድ ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን፣ ፈቃድ ለማያስፈልጋቸው ደግሞ የመታወቂያቸውን ዓይነት ያያይዝ። አሠሪው መሥሪያ ቤት ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጋር አመሳክሮ ክፍያ ይፍቀድ። ስሙ ያልተገኘ ሠራተኛ በጽሑፍ ተነግሮት የሚቃወምበት ቀን ይሰጠው። ከካምፑ በር ላይ ግን የቀበሌ መታወቂያ ጥያቄው ይነሣ።