የጋራ መኖሪያ ቤትና ውኃ በንፋስ ስልክ ላፍቶ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጀሞን፣ ለቡንና ጎፋን ያቀፈ ነው። የከተማው አስተዳደር በ1990ዎቹ አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በሰፊው መገንባት ሲጀምር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ጀሞ ነበር። ቤቶቹ ሲተላለፉ የቆዩት በዕጣ ነው። በሰኔ 2005 ዓ.ም. በተጀመረው ምዝገባ ቁጠባ ግዴታ ሆነ፤ በ20/80 መርሐ ግብር ቤት ፈላጊው ከዋጋው 20 በመቶውን ይቆጥባል፣ ቀሪው በባንክ ብድር ይሸፈናል። የ10/90 መርሐ ግብር ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የተዘጋጀ ነው።

ቤቱ ከተገኘ በኋላ ያለው ፈተና ውኃ ነው። ስርጭቱ በፈረቃ በመሆኑ ነዋሪው በሮቶና በጀሪካን ያጠራቅማል፤ ግፊት ሲያንስ ውኃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ መውጣት በተለይ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮች ከባድ ነው። የውኃ አቅርቦቱ ከግንባታው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባ ነበር።

የአዲስ አበባ ውኃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። ሦስቱም ግድቦች ያሉት በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ስለዚህ የጀሞ ቧንቧ ጉዳይ የክፍለ ከተማው ብቻ ሳይሆን የከተማውና የክልሉም ጉዳይ ነው።